አሮጌ መኪና፣ አዲስ ጌጅ

ሾፌሩ ሲገኝ ቀኝ እግሩ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ድረስ እንደረገጠ ነበር። መርማሪው ይህን በደብተሩ ከጻፈ በኋላ ሬሳው እንዲነሳ ፈቀደ።

ዕድሜው የገፋው የጭነት መኪና ከድንጋይ ማምረቻው ቁልቁለት ሥር አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ተክሏል። የንፋስ ቱቦው መንገድ ላይ ተሰንጥቆ ፍሬኑ የሚሠራበት ንፋስ አልቆ ነበር። ከመሪው በታች፣ ከሾፌሩ ጉልበት አጠገብ፣ ሦስት አዳዲስ ጌጆች ተደርድረዋል፤ የዘይት፣ የሙቀትና የንፋስ መለኪያዎች። የመኪናው የራሱ ጌጆች መሥራት ካቆሙ ዓመታት ስላለፉ ሾፌሩ ሰኞ ዕለት ያስገጠማቸው ናቸው። ሐሙስ ሞተ። ጌጆቹን የገጠመው፣ ሰፈሩ «ፊውዝ» የሚለው ኤሌክትሪሻን፣ በዚያው ቀን ታሰረ።

መርማሪው በጀርባው ተንጋሎ ዳሽቦርዱ ሥር ገባ። የጌጆቹ ሽቦዎች ሁሉ በጥቁር ናስትሮ ጥንቅቅ ብለው ታስረዋል። አንድ ሽቦ ብቻ ተቆርጧል፤ ንፋስ ሲያንስ የሚጮኸው፣ ከድሮም መኪናው ላይ የነበረው የማስጠንቀቂያ ሽቦ። ጫፎቹ የተሸፈኑት በነጭ የቁስል ፕላስተር ነው፤ የፕላስተሩም ጠርዝ ትንሽ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

«ማስጠንቀቂያውን የቆረጥከው አንተ ነህ?» ሲል ፊውዝን ጣቢያ ሄዶ ጠየቀው።

«እኔ ነኝ ብለህ ጻፈው» አለ ፊውዝ መሬት መሬት እያየ።

«እኔ የምጽፈው የሆነውን ነው። ቆርጠሃል?»

«አልቆረጥኩም። ግን ማክሰኞ ደወለልኝና ‹ከዚያ ጩኸት ገላገልከኝ፣ ተባረክ› አለኝ። እኔ መች ነካሁት? ሄጄ ማየት ነበረብኝ። ምስጋናው ጣመኝና ‹ምን ችግር አለ ወንድሜ› ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አሥር ዓመት ቢፈረድብኝ ይግባኝ አልልም።»

«ፍርዱን ለዳኛ ተወው። ናስትሮ ሲያልቅብህ ፕላስተር ትጠቀማለህ?»

ፊውዝ ቅር ብሎት ቀና አለ። «ይቅርታ አድርግልኝና አለቃ፣ እስረኛ ነኝ እንጂ ጀማሪ አይደለሁም።»

ሾፌሩ ከሚስቱ፣ ከልጆቹና ነርስ ከሆነችው ታላቅ እህቱ ጋር ይኖር ነበር። መኪናው የሚያድረው ከእህትየው መስኮት ሥር ነው። መርማሪው ሲገባ እህትየው የሟቹን ሚስት ክንድ በፕላስተር ታሽግ ነበር፤ መርዶው ሲነገራት ወድቃ ተልጣለች።

«ማስጠንቀቂያው ከድሮም ጠዋት ጠዋት ንፋሱ እስኪሞላ ይጮሃል» አለች ሚስቱ። «ጎረቤቱ ሁሉ እየነቃ ይሰድበናል። ‹አንድ ነገር አድርገው› እያልኩ የጨቀጨቅኩት እኔ ነኝ። እሱም ለዚያ ፊውዝ ነግሮ አስቆረጠው። እኔ አፌን ብይዝ ኖሮ...»

«እርስዎንስ አይረብሽዎትም ነበር?» አለ መርማሪው ወደ እህትየው ዞሮ።

«የሌሊት ተረኛ ነኝ። ጠዋት ስገባ እንደ በድን ነው የምተኛው፤ ምንም አልሰማም።» ፕላስተሩን ቆረጠችና ጠርዙን ወደ ውስጥ አጠፍ አደረገችው።

«ለምን አጠፉት?»

«በኋላ ሲላጥ እንዳያስቸግር ነው።»

መርማሪው አመስግኖ ወጣ።

በማግስቱ ሦስቱንም ተጎትቶ በመጣው መኪና አጠገብ ሰበሰባቸው። የፊውዝ እጅ በካቴና ታስሯል።

«ሟቹ ፍሬን ረግጦ ነው የሞተው፤ ስለዚህ እንቅልፍ አልወሰደውም» ሲል ጀመረ። «ቁልቁለት ላይ ዓይን ከመንገድ አይነሳም፤ ጉልበቱ ሥር ያለውን ጌጅ ለማየት ጊዜ አልነበረውም። ማስጠንቀቂያው ቢጮህ ግን ገና ሜዳው ላይ ሳለ ይቆም ነበር። ሽቦውን ራሱ አልቆረጠውም፤ ቢቆርጠው ፊውዝን አያመሰግንም። ፊውዝም ቢሆን ኪሱ ናስትሮ ሞልቶት ፕላስተር አይፈልግም። ሰኞ ማታ መኪናው ቤት ገባ፤ ማክሰኞ ጠዋት ጩኸቱ የለም።»

ሚስቱ ወደ እህትየው ቀስ ብላ ዞረች።

«ሰፈሩን ሁሉ የሚቀሰቅሰውን ጩኸት አልሰማሁም ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ያውም መስኮቱ ሥር። የፕላስተሩም ጠርዝ ታጥፏል። የቆረጠው ሰው መልሶ ሊያገናኘው አስቦ ነበር።»

«እሁድ» አለች እህትየው። «እሁድ እረፍቴ ስለሆነ ልቀጥለው ነበር። አሁን ጌጅ አለው፣ እያየ ይነዳል አልኩ። አምስት ቀን ብቻ ልተኛ ብዬ።»

«የትኛው ሽቦ እንደሆነ በምን አወቁ?»

«እኔ ነኝ ያሳየኋት» አለ ፊውዝ። «ስሠራ መጥታ ጠየቀችኝ። ሽቦ ማወቅ የፈለገች መስሎኝ አንድ በአንድ አስረዳኋት።»

«እሱ ሲታሰርስ ለምን ዝም አሉ?»

እህትየው ፊቷን ከፊውዝ ካቴና አዞረች።

መርማሪው ካቴናውን ፈታ። ፊውዝ ግን እጁ ተፈትቶም ከቆመበት አልተነቃነቀም። ሚስቱ የታሸገ ክንዷን በሌላው እጇ ይዛ እህትየው ፊት ቆመች። አሥራ አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ «እትዬ» ሳትላት ተናግራት አታውቅም።

«ልጆቹ ‹አባታችንን ፊውዝ ገደለው› ሲሉ ነው ያደሩት» አለች። «ስትሰሚያቸው ነበር። አንቺው ሄደሽ ንገሪያቸው።»

እህትየው መርማሪውን አየችው። እሱም ይዞት የመጣውን የፖሊስ መኪና በር ከፈተላትና የሚነዳውን ፖሊስ፣

«መጀመሪያ ወደ ቤት» አለው።