ስንጥቁ የያዘው ገመድ

እንዲህ ያለ የጋኔን ወሬ ሲነሣ ዕቃ ላጥብ ብዬ የምሄድ ሰው ነበርሁ፣ የተማርሁት ኬሚስትሪ ነው፣ እናቴ «በቀትር ውኃ ዳር አትቁሚ» ስትለኝ እንኳ በልቤ እስቅባት ነበር። ይህ የምነግራችሁ በሌላ ሰው ላይ የደረሰ ቢሆን ኖሮ እኔም አላምነውም ነበር።

አንድ እሑድ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥተን ጣና ዳር ወዳለ ገዳም ሄድን። ባልደረባችን ቢኒያም ድሮ ፈረንጆችን ገደል ሲያስወጣ የነበረ ነው፣ የገደል መውጫ ገመዱንና ብረቶቹን፣ የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋም ይዞ መጣ። ከዛፍ ሊያስር ሲል አንድ አባ ደርሰው ከለከሉት፣ ዛፉ የታቦቱ ነው አሉት።

«ድንጋዩስ፣ አባ?»

«ድንጋዩ የእኛ አይደለም» አሉና አማትበው ሄዱ። እሱ እንደ ፈቃድ ቆጠረው።

ዳር ላይ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ጥቁር አለቶች ነበሩ። ሲሳብ ተከፍቶ የሚነክስ ብረት በሁለቱም አለቶች ስንጥቅ ወተፈ፣ ገመዱን አሰረ፣ አልጋውን ከሦስት ሰው ቁመት በላይ ዘረጋ። ቀላል ነሽ ብሎ መጀመሪያ በገመድ መሰላል ያወጣኝ እኔን ነው። ከዚያ መሰላሉን ነጠቀኝ።

«ስሜን ጮኸሽ ካልጠራሽ አትወርጂም፣ እንግዲህ ዛሬ ድምፅሽን እንሰማዋለን» አለ። ሁሉም ሳቁ፣ ስቀውም ምሳ ሊበሉ ሄዱ። እኔ ደግሞ በስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ የሚያልበኝ ሰው ነኝ፣ መጮህ አልቻልሁም።

ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። በራስጌዬ በኩል ቅጭል የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ብረቱ ተላቅቆ አለቱን እየመታ ወረደና ውኃው ውስጥ ጥልቅ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ መውደቄን ጠበቅሁ፣ አልወደቅሁም። ስገልጥ ባዶው ገመድ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ተወጥሮ ነበር፣ እመኑኝ፣ ምንም የያዘው ነገር የለም። ትንሽ ቆይቶ ከፍ አለ፣ እንስራ ያዘለ ሰው ሸክሙን ሽቅብ እንደሚያስተካክል ዓይነት። ከስንጥቁ ውስጥም ውኃ የጠጣ ከብት ትንፋሽ የመሰለ ነገር ይሰማ ነበር።

ቢኒያም ሲሰለቸው መጥቶ መሰላሉን ሰቀለልኝ። እግሬ መሬት እንደ ነካ ብረቱ መውደቁን ልነግረው አፌን ከፈትሁ።

«አሁን ነው የምትናገሪው? ሰዓቱ አልፎብሻል፣ የኔ እመቤት» አለና ሳቀ። አፌን ዘጋሁ። እንዳይወዛወዝበት ከስንጥቁ የተንጠለጠለውን የገመድ ትርፍ አስያዘኝና ወጣ፣ እጁን ከአንገቱ ሥር አድርጎ ተንጋለለ።

ያን ጊዜ ገመዱ እጄ ላይ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገኝ፣ በቀስታ፣ ልጅ የእናቱን ቀሚስ ጎተት አድርጎ እንደሚጠይቅ። ልልቀቀው ወይ እንደሚለኝ ወዲያው ገባኝ። አንድ «አይሆንም» ይበቃ ነበር፣ እኔ ግን መሰላሉ ሲነጠቅ የሳቀውን ሳቅ አሰብሁና ዝም አልሁ።

የወደቀው ድንጋዩ ላይ ነው። ከወገቡ በታች አሁንም አይታዘዝለትም።

ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ ማንንም አልወቀሰም፣ ብረቱ ስለ ተንሸራተተ ነው አለ። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቆ ግን እጄን ያዘኝ።

«ልወድቅ ስል እሺ ያልሽው ለማን ነው?»

ከንፈሬ አልተነቃነቀም፣ በእናቴ እምላለሁ። እሱ ግን የሰማው ድምፅ የእኔ እንደ ነበረ፣ ደግሞም ጮክ ብዬ እንደ ተናገርሁ ነው የሚናገረው።