የእታለም ስህተት

«እታለም ናት የላከችልኝ!» አለች ቀጮ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለሉትን ሳሙናዎች ዴስኩ ላይ እየደረደረች። «ለልደቴ ነው። እዚህ ከተማ ብትፈልጉም አታገኙትም፤ እሷ ያለችበት ብቻ ነው የሚሠራው።»

ልጃገረዶቹ ተንጫጩ። አንዷ ወረቀቱን ገልጣ አሸተተችና ዓይኗን ጨፈነች። ሌላዋ ሳሙናውን ጉንጯ ላይ ለጥፋ «ወይኔ፣ ይበላል እኮ!» አለች። ሳሙኒት ግን የደረሳትን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። መግለጥ እንኳ አላስፈለጋትም። የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቅርንፉድ፣ ከሥር ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣ የሰም ሽታ። ይህን ሽታማ ተኝታም ታውቀዋለች። የተሠራው እነሱ ቤት፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ምናልባትም ያማሰለችው ራሷ ናት።

ሳሙኒት የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው። እናቷ ሳሙናና ሻማ በእጇ እየሠራች ለሱቆች ታስረክባለች፤ ልጅቷም የትም ብትሄድ፣ ሮጣ ብታልበው እንኳ፣ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። መጀመሪያ ሰሞን ስሙ ያስለቅሳት ነበር። ኋላ ለመደችው፤ እንዲያውም በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት ሰው ሲመጣ ዞር ብላ ማንን እንደሆነ ትፈልጋለች። ቀጮ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አብራት ያደገች ጎረቤቷ ናት። ለምን ቀጮ እንደተባለች ያያት ሁሉ ያውቀዋል።

እታለም የቀጮ ታላቅ እህት ናት። ሳሙኒትም እታለም ነበር የምትላት። ትምህርቷን እንደጨረሰች ከሳሙኒት እናት ጋር ሳሙና መሥራት ጀመረች። ኧረ ያ ጊዜ! ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ልጆች የጓሮዋ ክፍል በር ላይ ቁጭ ብለው ብርቱካን ይልጣሉ፤ ልጣጩ ለሳሙና፣ ፍሬው ለሆዳቸው። ሥራው ሲያልቅ እታለም ትልቁን ሳፋ ፀሐይ ላይ ታወጣና ከሳሙና ቆረጣ በተራረፈው ፍርፋሪ ፀጉራቸውን ታጥባቸዋለች። «ዓይኔን! ዓይኔን!» ብለው ሲጮኹ፣ «ማን ክፈቺው አለሽ፣ አንቺ ሁሉን ካላየሁ ባይ!» እያለች ትስቅባቸዋለች። ከዚያ ፀጉራቸው እስኪደርቅ ሦስቱም ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። ምንም አያወሩም ማለት ይቻላል። ሳሙኒት ግን ከዚያ የበለጠ ደስታ እስካሁን አልገጠማትም።

አንድ ቀን ታዲያ እታለም ጉድ ሠራች። ለሻማ የቀለጠውን፣ ብርቱካንና ቅርንፉድ የገባበትን ሰም ዘይት መስሏት ሳሙናው ድስት ውስጥ ገለበጠችው። የሳሙኒት እናት ራሷን ይዛ ጮኸች። «አበላሸሽው! ልብሽን የት ጥለሽው ነው፣ አንቺ ልጅ?» እታለም ሳሙናው እስኪደርቅ ድረስ ቀና ብላ አላየቻትም። ሲደርቅ ግን ወይ ጉድ! እንደ ሌላው ቶሎ አይሟሟም፣ ሽታው እጅ ላይ ይውላል። ከዚያ ወዲህ ሆን ተብሎ፣ እየተለካ ይሠራ ጀመር። ቤት ውስጥ ግን ስሙ «የእታለም ስህተት» ሆኖ ቀረ።

እታለም ሥራ አገኘሁ ብላ ሩቅ ከተማ ሄደች። መጀመሪያ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ትደውል ነበር። ከዚያ አልፎ አልፎ ሆነ። ከዚያ ጭራሽ ተወችው። ደህና መሆኗን ከሰው ይሰማሉ፤ ድምፅዋን ከሰሙ ግን ቆይተዋል። ቀጮም ወደ ጓሮዋ ክፍል መምጣት አቆመች። አንዴ «ፈተና አለብኝ»፣ አንዴ «ራሴን አሞኛል»። ሳሙኒት ብርቱካኑን ብቻዋን መላጥ ያዘች። ለብቻ ሲላጥ ደግሞ አይጥምም።

አሁን ነገሩ ገባት። ባለፈው ሳምንት አንዷ ከቀጮ ጋር ተጣልታ፣ «የገዛ እህትሽ እንኳ ረስታሽ!» ብላታለች። ክፍሉ ሁሉ ሰምቷል። የሳሙናው ወሬ የመጣው ከዚያ ነው። ሳሙኒት ጓደኛዋ አንጀቷን በላቻት። ተናደደችም። የእናቷን የእጅ ሥራ ዓይኗን በጨው አጥባ «እዚህ አይገኝም» ትላለች እንዴ? ያውም እሷው ፊት!

«እስቲ ላሽትተው» አለ ጠበቃው። ጠበቃው ለግማሽ ማርክ ከመምህር ጋር እስከ ደወል የሚከራከር ልጅ ነው። አሸተተ፣ ገለበጠው፣ እንደገና አሸተተ። «እንዴ! ይሄማ እናቴ ከፋርማሲው አጠገብ ካለው ሱቅ የምትገዛው ነው። ሽንት ቤታችን በሙሉ እሱን እሱን ነው የሚለው። የሳሙኒት እናት አይደለች የምትሠራው? ሳሙኒት፣ ንገሪና! የናንተ ነው አይደለም?»

ሁሉም ወደ ሳሙኒት ዞረ። ቀጮ ከንፈሯ ደርቆ አየቻት። ዓይኗ ይለምናል።

«አይደለም» ማለት እንዴት ቀላል ነበር! አንድ ቃል ናት። ግን ያቺን ቃል ብትናገር ያን ሁሉ ቅዳሜ የካደች መሰላት። «የኛ ነው» ካለች ደግሞ ቀጮን እዚያው አዋርዳ፣ ለዓመት ሙሉ መሳለቂያ ልታደርጋት ነው። 

«የእታለም ሳሙና ነው» አለች ሳሙኒት።

«ይሄ መልስ አይደለም!»

«አስጨርሰኛ!» ብላ ተቆጣችው። ከዚያም ነገረቻቸው። ስለ ሰሙ፣ ስለ ድስቱ፣ እናቷ ራሷን ይዛ እንደጮኸች። የእናቷን ድምፅ ስታስመስል ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ጠበቃውም ሳያስበው ፈገግ አለ። «እናቴ እስካሁን ሰሙን ስትጨምር ‹ልብሽን የት ጥለሽው ነው፣ አንቺ ልጅ› ትላለች» አለች ሳሙኒት፣ ድምፅዋ እየቀጠነ። «አሁን ግን አትጮህም። ቀስ ብላ ነው የምትለው። እታለም አጠገቧ ያለች ይመስል።»

ማንም አልሳቀም።

«እሺ» አለ ጠበቃው፣ አመሉ ነውና። «ላከችው ወይስ አልላከችውም?»

«እሱን እኔ አልመልስልህም።»

ቀጮ የቀሩትን ሳሙናዎች አንድ ባንድ ታያቸው ነበር። «አልላከችም» አለች። «ገዝቼ ነው።»

ጠበቃው ክርክሩን አሸንፎ ሳለ ምን እንደሚያደርግበት ጠፋው። ሳሙናውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። «ሽታው ግን አሪፍ ነው» አለ በመጨረሻ፣ እና ወደ ቦታው ሄደ።

ወደ ቤት አብረው ሄዱ። መንገዱ ተጋመሰ። ቀጮ ድንገት ቆመች።

«ዝም ብለሽ ‹አይደለም› ብትይ ምን ነበረበት? ምን ይጎድልሻል?»

«አቃተኝ።»

«ለምን?»

«ናፍቃኝ ነዋ!» ብላ ጮኸች ሳሙኒት። መንገደኛ ዞር ብሎ አያቸው። «ላንቺ ብቻ እህት መሰለችሽ? እሷ ሄደች፣ አንቺም ቀረሽ። እኔ ከማን ጋር ልቀመጥ?»

ቀጮ እንባዋ መጣ። «ሱቁ ጋ ሳልፍ ሸተተኝ» አለች። «እሷ ያለች መስሎኝ ዞሬ ፈለግኳት እኮ። ፋራ ነኝ አይደል?»

«በጣም።»

ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ። ተያይዘውም ወደ ጓሮዋ ክፍል ገቡ።

የሳሙኒት እናት የሻማ ክር እየቆረጠች ነበር። ቀጮን ስታይ መቀሷን አስቀመጠች። «አንቺ የጠፋሽ! እግርሽ ተሰብሮ ነው? ነይ ሳሚኝ!» ብላ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ለምን እንዳለቀሰች ግን አልጠየቀቻትም።

መደርደሪያው ላይ ሳሙናዎቹ እንዲደርቁ ተራርቀው ተደርድረዋል። ሳሙኒት ከደረቁት አንዱን አነሳች። ሁሉም ሰው እታለም እስክትደውል፣ እታለም እስክትልክ ሲጠብቅ ስንት ጊዜ ሆነው! ወደ እሷ የላከ ግን የለም።

«እኛ ብንልክላትስ?» አለች።

ቀጮ ዓይኗን ጠረገች። «ምን ብለን ጽፈን?»

«ምንም። ታሸትተዋለች።»

«ወደዚያ የሚመላለሰው የአውቶቡስ ሹፌር ነገ ይሄዳል» አለች እናቷ ቀና ሳትል። «ከሰጣችሁት ያደርስላችኋል።»

ቀጮ ሳሙናውን ተቀብላ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። 

«ያኔም ባትደውልስ?»

ሳሙኒት ትከሻዋን ሰበቀች። «ትታጠብበታለቻ!»

ቀጮ ሳቋ በአፍንጫዋ አመለጣት፤ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሳሙኒት መጠቅለያ ወረቀቱን እንድታቀብላት እጇን ዘረጋች።