ሽታ የሌለው ኮላ

ጭምቱ ቅዳሜ ሊሄድ መሆኑን የሰማሁት ሰኞ ጠዋት ነው። የነገሩኝም ሠራተኞቹ ናቸው፤ እሱማ መቼ ያወራና! «ጭምቱ» የሚለው ስም የወጣለት በከንቱ አይደለም።

በአባቴ የኮምፔንሳቶ ፋብሪካ የጋለውን መጭመቂያ ማሽን የሚያሠራው እሱ ነው። ስስ እንጨቶች ኮላ ተቀብተው ይደራረባሉ፣ ማሽኑ ውስጥ ገብተው በሙቀት ይጨመቃሉ፣ አንድ ጣውላ ሆነው ይወጣሉ። የኮላው ሽታ ግን መርዝ ነው። የጭምቱን ደረት ስለጎዳው ሐኪም ሥራ እንዲቀይር መክሮታል። እሱም ሌላ ከተማ የመጋዘን ሥራ አግኝቷል።

እኔ ደግሞ ከአኩሪ አተር ዱቄት ኮላ ለመሥራት እታገላለሁ። መርዝ የለውም፣ ሽታም የለውም። ሠራተኞቹ «ሾርባዋ» እያሉ ያሾፉብኛል። ባልዲዬን ተሸክሞልኝ «ዛሬስ እንዴት ሆነልሽ?» የሚለኝ ጭምቱ ብቻ ነው። ያቺን ጥያቄ ለመስማት ስንት ጊዜ ያለ ምክንያት ባልዲ እንደሞላሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

እየሮጥኩ አባዬ ቢሮ ገባሁ።

«አባዬ፣ ኮላዬን በትልቁ ማሽን ልሞክረው!»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ እየሳቀ።

«ኮላዬም እንደ ሞኙ ይያዝልኝ እንጂ ስድቡን እችለዋለሁ!»

«እሺ፣ እስከ ዓርብ ሞክሪ። ጣውላው በፈላ ውሃ ተቀቅሎ ከተላቀቀ ግን ዳግመኛ እንዳታነሽብኝ።»

የመጀመሪያው ጣውላ እርር ብሎ ወጣ። ጫፉ ከሰል መስሏል።

«ምነው! ምን ስትጠብቅ ነበር?» ብዬ ጮህኩበት።

ጭምቱ አንገቱን ደፋ። «ዓይኔን እስኪያቃጥለኝ።»

ክው አልኩ። ለካ እነዚህ ሰዎች ሰዓት አያዩም! የድሮው ኮላ ሲበስል ሽታው ይበረታል፤ ዓይናቸውን ሲያቃጥላቸው ማሽኑን ይከፍታሉ። የእኔ ኮላ ደግሞ ማንንም አያቃጥልም። ምስኪኑ የማይመጣ እንባ ሲጠብቅ ጣውላዬን አሳረረልኝ። ልቆጣ አፌን ስከፍት ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ልቤ ዘለለች።

«ታዲያ መብሰሉን በምን እንወቅ?» አለኝ።

«በጆሮ እንሞክር።»

ኮላዬ ውሃ ይበዛዋል፤ ሲሞቅ በጣውላው ጠርዝ በኩል እንፋሎቱ እያፏጨ ይወጣል፤ ውሃው አልቆ ፉጨቱ ሲያቆም በስሏል ማለት ነው። አዲሱን ጣውላ አስገብተን ሁለታችንም ወደ ማሽኑ ጎንበስ አልን። ፊቱ ፊቴ አጠገብ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ እንፋሎቱን አልነበረም የምሰማው።

«ዝም አለ» አለኝ በሹክሹክታ።

«እ? ማን?»

«እንፋሎቱ ነዋ። ልክፈት?»

«ክፈት፣ ክፈት!»

ዓርብ ጠዋት ከዚያ ጣውላ ተቆርጦ የፈላ ውሃ ውስጥ ተከተተ። ሲፈላ ዋለ፤ እኔም አብሬው ስፈላ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ አባዬ አወጣውና የቢላውን ጫፍ በእንጨቶቹ መካከል ሰክቶ ይታገል ጀመር።

ቀጭ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ሠራተኛው ሁሉ ግር ብሎ መጣ። የተሰነጠቀው ግን እንጨቱ ነው፤ ኮላው ንቅንቅ አላለም።

«ይዟል!» አለ አባዬ፣ ድምፁ ግቢውን አናጋው። «ከሰኞ ጀምሮ በዚህ ነው የምንሠራው!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ያሾፉብኝ ሁሉ እየተሻሙ አቀፉኝ። ጭምቱ ግን ጥግ ይዞ ቆሟል፣ ወደ እኔም አልመጣም። እኔ ለኮላ ብዬ ነው እንዴ እንቅልፍ ያጣሁት? አባዬ እያየኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ነገ ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም? ንገረኝ!»

«የመጋዘኑን ሥራ ትናንት ትቼዋለሁ።»

«ትናንት? ኮላው ሳይፈተን? ቢላቀቅስ ኖሮ?»

«እዚሁ ከተማ ሌላ ሥራ እፈልግ ነበር።» ቀና ብሎ አየኝ። «ሐኪሙ ከሽታው ራቅ አለኝ እንጂ፣ ከአንቺ ራቅ አላለኝም።»

አባዬን ሳል ሳል አለው። ፊቱን ወደ ጣውላው አዞረ። እኔም የጭምቱን እጅ ሰው ሁሉ እያየ ያዝኩት።