ዓሣው የእሱ አልነበረም

ቲሊኒ ስህተቱን ያየችው መነኮሳቱ መብላት ከጀመሩ በኋላ ነው።

የቡድሃ እምነት መነኮሳቱ ሳሎን ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። እሷም ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ የዓሣውን ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ከአንዱ ወደ ሌላው ጎንበስ ትላለች። ዓሣው በጎምዛዛ ፍሬና በቁንዶ በርበሬ በስሎ እስኪጠቁር የደረቀ ነው። ታላቅ ወንድሟ ሱራንጋ ከሞተ ሦስት ወር ሞላው። ዛሬ በስሙ የሚቀርበው ምግብ ደግሞ በሕይወቱ ሳለ ይወደው የነበረው መሆን አለበት። እናቷ ባለፈው ሳምንት «ምን ምን እንሥራለት?» ብላ ስትጠይቅ፣ ቲሊኒ ሳታስብ «ጎምዛዛ ዓሣ ነዋ» ብላ ነበር።

«ውይ፣ የሱራንጋዬ ዓሣ» አለች አክስቷ ሶማ፣ ከበሩ አጠገብ ሆና። «ገና ሽታው ሲመጣ ዓይኑ ይበራ ነበር እኮ።»

ያኔ ነው ትዝ ያላት። ሱራንጋ ዓሣ አይወድም ነበር። እናታቸው ዞር ስትል የእሱን ድርሻ ከሩዙ ሥር አውጥቶ ወደ እሷ ሳህን ይገፋው ነበር። ዓይኗ ይበራ የነበረው እሷ ናት።

ሳህኑ በእጇ ላይ ከበዳት። ምን ትበል? ሽማግሌው መነኩሴ ሁለተኛውን ቁራጭ እያነሱ ነበር።

ከምግቡ በኋላ ቤተሰቡ በመነኮሳቱ ፊት ተንበረከከ። መሐል ላይ ሳህን፣ በሳህኑ ውስጥ ትንሽ ሲኒ ተቀምጧል። አባቷ፣ እናቷና እሷ የውኃውን ማንቆርቆሪያ አብረው ይዘው፣ መነኮሳቱ እየዘመሩ፣ ውኃው ሲኒውን ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ቀስ ብለው አወረዱት። የመልካም ሥራው ዋጋ እንደዚህ ሞልቶ ለሱራንጋ ይድረሰው ማለት ነው። ቲሊኒ ግን ውኃው ሲወርድ አንድ ነገር ብቻ ታስባለች፦ በሦስት ወር ውስጥ ወንድሜን ከራሴ ጋር ማምታታት ከጀመርኩ፣ ሌላስ ምን አምታትቻለሁ?

ሌላው ነገር በሩ ነበር።

በሞተበት ቀን ሱራንጋ ሳያስፈቅዳት ብስክሌቷን ይዞ የማታ የክሪኬት ጨዋታ ሊያይ ሄደ። እሷም የማጠናከሪያ ትምህርቷ አመለጣት። አባቷ የሌሊት አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ቤት አልነበረም፤ እናቷ የራስ ምታት መድኃኒት ውጣ ተኝታለች። በሩን መዝጋት የቲሊኒ ሥራ ነው፤ አያ የምትለው ሱራንጋ ውጭ ከሆነ ግን እስኪመጣ ክፍት ይተዋል። እሷ ዘጋችው። አንኳኩቶ እናቱን ይቀስቅስና ይሰደብ ብላ መቀርቀሪያውን እስከ ጥግ ገፋችው። በኋላ አልጋዋ ላይ ሆና ማንኳኳት ሰማች። ቀስ ያለ፣ የሚለማመጥ ዓይነት ነበር። ተነስታ አልከፈተችም። ሱራንጋ ዋናው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጭቶት ተገኘ። ሁሉም ወደ ቤት ሲመጣ ነው ብለው አሰቡ። ተመልሶ ሲሄድ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

መነኮሳቱን የሚወስዱት ባጃጆች ሲመጡ ዝናቡም አብሮ መጣ። ወጣቶቹ መነኮሳት በመጀመሪያዎቹ ሄዱ፤ ሽማግሌው የመጨረሻውን እየጠበቁ በረንዳው ላይ ቀሩ። እናቷ «እግራቸው እንዳይበርዳቸው» ብላ ቲሊኒን ምንጣፍ አስይዛ ላከቻት። ዝናብ ሲዘንብ እናቷ ከብርድ፣ ከጎርፍና ከእባብ ሌላ አይታያትም።

ቲሊኒ ምንጣፉን አንጥፋ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባ፣ ዓሣውን ተሳስቼ ነው። እሱ አይወድም ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው የሚወደው?»

«እኔ።»

«እኔም እወዳለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ሁለቴ ማንሳቴን አይተሻል፣ አላየሁም እንዳትይ።»

ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው አፈረችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ዋጋው ለእሱ አይደርሰውም ማለት ነው?»

«ለእሱ ብላችሁ ነው የሰጣችሁት። በዓሣ ምክንያት መንገድ የሚስት አይመስለኝም። ሌላም ነገር አለ መሰለኝ፤ ስለ ዓሣ ብቻ እንደዚህ ፊቱ የሚጠቁር ሰው አላውቅም።»

ቲሊኒ የቀሚሷን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታችው። «ማታ ማታ ድምፅ ይሰማኛል። በር ሲንኳኳ።»

ማን ነው የሚያንኳኳው ብለው አልጠየቁም። «ሲመጣ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ትራሱን ጆሮዬ ላይ እደፋበታለሁ።»

«ይሄዳል?»

«ይብስበታል።»

«እስቲ አንድ ቀን አታባርሪው። ተከትለሽውም አትሂጂ። ዝም ብለሽ እዪው። የት ጋ ነው የሚቀመጠው?»

«የት ጋ ማለት? በር ላይ ነዋ።»

«ሰውነትሽ ላይ ማለቴ ነው። እኔ ስናደድ ጆሮዬ ነው የሚግለው። የገዳሙ ውሻ ጫማዬን የበላው ዕለት ሩዝ ቢጣድበት ይበስል ነበር። ተቀምጬ ጆሮዬን ሳየው ዋልኩ። መጀመሪያ ሁለቱም ጋሉ፣ ከዚያ ግራው ብቻ ቀረ።» በጣታቸው ግራ ጆሯቸውን ነካ አደረጉ። «ለምን ግራው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

«ካየሁት ይጠፋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አይተሽ ንገሪኝ።»

«ጥፋተኛ ብሆንስ፣ አባ?»

ሽማግሌው ወደ ዝናቡ ተመለከቱ። «የተደረገ ነገር ካለ ተደርጓል፤ እኔ አጥቤ አላወጣልሽም። ያ ቀን ግን እዚህ የለም። እዚህ ያለው ዝናብ ነው፣ እኔ ነኝ፣ አንቺ ነሽ፣ ያልመጣ ባጃጅ አለ። አሁን ምን ማድረግ ትችያለሽ? እሱን ፈልጊ።»

ባጃጁ ጭቃ እየረጨ ደረሰና ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ይዘው ሄዱ።

እንግዶቹ ተሸኙ። አባቷም ዩኒፎርሙን ለብሶ ወደ ሥራው ወጣ። እራት ከተበላ በኋላ እናቷ ማኔል እንደ ወትሮዋ ቤቱን መዞር ጀመረች። የጋዙን ሲሊንደር ዘጋች፤ ተመልሳ መጥታ መዘጋቱን አየች። መስኮቶቹን ነካካች። እባብ እንዳይገባ የመታጠቢያ ቤቱን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፈች። በመጨረሻ ሁልጊዜ ከክፍሏ ሆና «በሩን ዘጋሽ?» ትላለች፤ ቲሊኒም «አዎ» ትላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ዘግታው አታውቅም። ገጠም ታደርገዋለች እንጂ መቀርቀሪያውን አትነካውም።

ዛሬ ቀደም ብላ ሄዳ ከበሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ብዙም አልቆየ፣ መጣ። ያው ማንኳኳት። እጇ ወደ ጆሮዋ ሊሄድ ሲል ያዘችው። የት ጋ ነው? ሆዷ ላይ ያለ መስሏት ነበር፤ ስታየው ግን ከፍ ብሎ ጉሮሮዋ ሥር ነው። ያልበሰለ ማንጎ ሳታኝክ የዋጠች ይመስላል። ጠበቀ፣ ላላ፣ እንደገና ጠበቀ። አንድ ቦታ አይረጋም እንዴ? ይህን አታውቅም ነበር። እያየችው ሳለ የእንቁራሪቶቹ ጩኸትና የጎረቤት ቴሌቪዥን ተሰማት። ከጣሪያው ላይ የኮኮናቱ ቅጠል ቆርቆሮውን መታ መታ አደረገ። ያን ሌሊትም ነፋስ ነበር? ለማስታወስ ሞከረች። የሰማችው ሱራንጋን ነበር ወይስ ቅጠሉን? በዓሣው እርግጠኛ እንደነበረችው ሁሉ በዚህም እርግጠኛ ነበረች። አሁን አታውቅም። መዝጋቷን ግን ታውቃለች። የብረቱ ቅዝቃዜ መዳፏ ላይ አለ።

«በሩን ዘጋሽ?» አለች እናቷ።

«አልዘጋሁም።»

የእናቷ ነጠላ ጫማ ወለሉን እየመታ መጣ። «ምን ሆነሽ ነው መሬት ላይ? ብርድ ይመታሻል።»

«እማ፣ ሁልጊዜ ዘግቻለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። አያ ከሞተ ጀምሮ ዘግቼው አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

ቲሊኒ ቀና አለች።

«አንቺ ስትተኚ እየተነሳሁ አየዋለሁ» አለች ማኔል። «ሌባ ይገባል፣ እባብ ይገባል እያልኩ እዚህ እቆማለሁ። ልዘጋው ስል እጄ እምቢ ይለኛል። ትቼው እመለሳለሁ።»

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ማንጎው ጉሮሮዋ ውስጥ ጠበቀ፤ ቲሊኒም አየችው።

«ያን ቀን ግን ዘግቼው ነበር። እሱ ውጭ እያለ። በብስክሌቱ ተናድጄ።»

እናቷ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። በቀጭን ድምፅ «አንኳኳ?» አለች።

«የሰማሁ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን አላውቅም፣ እማ። እውነቴን ነው።»

ማኔል ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ቲሊኒ ልትነካት ፈራች፤ በመጨረሻ ክርኗን ብቻ ያዘች። እናቷ ክርኗን አልነጠቀቻትም።

«ያን መድኃኒት ባልውጥ ኖሮ እያልኩ ነው የማድረው» አለች እናቷ፣ አፍንጫዋን በቀሚሷ እጅጌ እየጠረገች። «ብነቃ ኖሮ፣ በሩን አይ ነበር።»

«ሳትነግሪኝ?»

«አንቺስ ነግረሽኛል?»

ቅጠሉ ቆርቆሮውን መታ፤ ሁለቱም ወደ ላይ ቀና አሉና እርስ በርስ ተያዩ።

«ዓሣውንም ተሳስቻለሁ» አለች ቲሊኒ። «አያ ዓሣ አይወድም ነበር።»

«አይወድማ። ከሩዝ ሥር ሲደብቅ የማላየው መስሎት።»

«ታውቂ ነበር? ታዲያ ለምን ሠራሽው?»

«ከቀብሩ ወዲህ በቅጡ በልተሽ አታውቂም። ዓሣውን ስትጠሪ ይህቺንስ ትበላለች ብዬ ነዋ።» እናቷ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። «ቁራጭ ተርፏል። ደብቄልሻለሁ፣ ሶማ እንዳታገኘው።»

ቲሊኒም ተነሳች። በሩን ከፍታ ወደ ጨለማው መንገድ አንድ ጊዜ ተመለከተች። ዝናቡ አባርቷል፤ በመንገዱ ላይ ማንም የለም። በሩን መልሳ ገጠመችው። እጇን መቀርቀሪያው ላይ አደረገች፣ እዚያው ቀረ። ማንጎው ተመለሰ፤ አላባረረችውም። የእናቷ እጅ፣ ገና የዓሣ ቅመም የሚሸት፣ ከላይ መጥቶ በእጇ ላይ አረፈ። ጠዋት ማንቆርቆሪያውን እንደያዙት አድርገው ብረቱን ቀስ ብለው እስከ ጥግ ገፉት።