ፊቱን አይቼ የጻፍኳቸው ወረቀቶች

ሰው ያጣውን ሲያወራ ከትልቁ ይጀምራል። እኔ ግን ከጉንፋን ልጀምር።

በአንድ ሆቴል ውስጥ ውስኪ መራጭ ነበርኩ። ባልደረቦቼ «አፍንጫዋ» ይሉኛል፤ ፊት ለፊትም ከኋላም። ያጣሁት ሰው፣ እሱ ደግሞ፣ የሲጋር ክፍሉ ኃላፊ ነበር፤ ያወጡለት ስም «ጭሱ» ነው። በወር አንድ ምሽት ሃያ እንግዶች ይጠሩና አራት ውስኪ ከአራት ሲጋር ጋር ተጣምሮ ይቀርብላቸዋል። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ የምንወስነው እኔና እሱ ነበርን።

የምንቀምሰው ምላስ ሳይደክም፣ ጠዋት ነው። እሱ ሲጋሩን ቆርጦ ቀስ ብሎ ይለኩሳል፤ እኔ ውስኪውን ቀድቼ ትንሽ ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ። ተራ በተራ ስበን፣ ተራ በተራ ተጎንጭተን፣ እያንዳንዳችን በቁራጭ ወረቀት ላይ «ይስማማል» ወይም «አይስማማም» ብለን እንጽፍና እኩል እንገልጠዋለን። ሕጉ አንድ ነበር፦ ወረቀት ላይ ይሉኝታ የለም።

ሦስት ዓመት ተጨቃጨቅን። እሱ ያደነቀውን እኔ እጥላለሁ፤ እኔ የወደድኩትን እሱ «ይሄማ ውሻና ድመት ማጋባት ነው» እያለ ይስቅብኛል። ሳይታወቀኝ ለጠዋቱ የምለብሰውን ማታ መምረጥ ጀመርኩ። ጭስ ለሚጠጣው ቀሚስ ማን ይጨነቃል? እኔ ተጨነቅሁ።

ከዚያ ጉንፋኑ መጣ። በሳምንቱ ሲሄድ ማሽተቴን ይዞት ሄደ። ብርጭቆ ላይ ባጎነብስ ባዶ፣ የተላጠ ሽንኩርት ባሸት ባዶ። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፣ ታገሺ አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ቢሰማ ወደ እንግዳ መቀበያው እንደሚያዛውረኝ አውቃለሁ፤ መዛወሩ አላስፈራኝም። የፈራሁት እኔ ወንበር ላይ፣ ከእሱ ፊት ለፊት፣ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥ ነው።

ስለዚህ ዋሸሁ። እሱ ሲወድ ግራ ቅንድቡ ከፍ ይላል፤ ሲጠላ ትንፋሹን በአፍንጫው ቶሎ ያስወጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያየሁት ፊት ነው፣ ማንበቡ አላቃተኝም። ቅንድቡን አይቼ «ይስማማል»፣ ትንፋሹን ሰምቼ «አይስማማም» ጻፍኩ። ውሸት እንደ ውሃ ነው፣ እያሳሳቀ ይወስዳል። ሁለት ወር አንድም ወረቀት ሳይለያይ አለፈ።

መጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ ግን ዝም ብሎ ያየኝ ጀመር፤ እኔም ያንን አያየት ለምጄ በሌለ ጊዜ ይናፍቀኝ ነበር። አንድ ጠዋት ሲጋር ሳይለኩስ ባዶ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«ለእናቴ ነገርኳት» አለ። «ምላሷ እንደ ምላሴ የሆነች ሰው አገኘሁ አልኳት። ላግባሽ ብልሽ ምን ትጽፊያለሽ?»

«እሺ» ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ፊቱን አላየሁም። እምላለሁ፣ አላየሁም። እውነቱን እዚያው ልነግረው ነበር፤ ደስታው አፌን ዘጋው። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ የቅምሻው ምሽት ነበር።

እንግዶቹ እንዲገምቱ ተብሎ ጠርሙሶቹ በነጭ ጨርቅ ይጠቀለላሉ። ስጠቀልል ሁለቱ ተቀያየሩብኝ። አፍንጫ ያለው ሰው ክዳኑን ሲከፍት ያውቀዋል፤ ጭስ ጭስ የሚለው ውስኪ ከሩቅ ይጣራል። እኔ ግን ማር ማር የሚለው መስሎኝ ከለስላሳው ሲጋር ጎን ቀዳሁት። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁና በኩራት፣ ማርና የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ይሸታችኋል ብዬ ለሃያ ሰው አስረዳሁ። አንድ አዛውንት ሳል ያዛቸው። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

እሱ ብርጭቆውን አነሳ፣ ቀመሰ፣ መልሶ አስቀመጠ። ቅንድቡም አልተነሳ፣ ትንፋሹም አልወጣ። የማነበው አጣሁ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ ሆን ብለን እንዳሳሳትናቸው፣ የማይስማሙ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ልናሳያቸው እንደፈለግን እየሳቀ ነገራቸው። አጨበጨቡለት።

ሁሉም ሲወጡ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጉንፋኑ ጀምሮ።»

«ወረቀቶቹስ?»

«ፊትህን እያየሁ ነበር የምጽፈው።»

ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፁ ከወትሮው ዝቅ አለ። «አመመኝ ብትዪኝ እኔ እቀምስልሽ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ካንቺ ጋር የማወራ መስሎኝ ከራሴ ጋር ሳወራ ነው የከረምኩት።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ፈርቼ እንደሆነ፣ እሱን እንዳላጣ ብዬ እንደሆነ ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ፤ ሰምቶኛል።

«እሺ ያልሽኝስ?» አለ በመጨረሻ። «ያኔስ የማንን ፊት ነው ያነበብሽው?»

«የማንንም። እሺታው የራሴ ነበር።»

ሊያምነኝ ፈልጎ ነበር፤ ዓይኑ ላይ አይቻለሁ። አቃተው።

በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀ፤ ስልኬን አያነሳም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ የቆጡን አልተመኘሁም፤ የብብቴን አጥብቄ ስይዝ ነው የጣልኩት። ማሽተቴ በአምስተኛው ወር ቀስ በቀስ ሲመለስ እንኳ ደስ አላለኝም። የምነግረው ሰው እሱ ብቻ ነበርና ደፍሬ እናቱ ቤት ሄድኩ።

በሩን ሲከፍቱልኝ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁኝ አወቁኝ። ልጃቸው ሌላ ከተማ፣ አጎቱ ዘንድ ሄዷል። አስቀመጡኝና ሁሉንም ተናዘዝኩላቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ምላሷ እንደ ምላሴ ነው እያለ ሲፈነድቅ፣ ዝም አልኩት እንጂ አልወደድኩትም ነበር። ከአባቱ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት ስንኖር በወጥ ጨው እንኳ ተስማምተን አናውቅም።»

«ይሄን ለእሱ ነግረውታል?» አልኳቸው በተስፋ።

«ነገርኩት እንጂ።» በመዳፋቸው ጉልበታቸውን ዳበሱ። «"አባቴ ግን ጨው ሲበዛበት፣ በዝቷል ይልሽ ነበር" አለኝ።»