የሁለት ሰዓቱ አውሮፕላን

እሑድ ጠዋት ንዋይ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ። ወንድሙ ጥላዬ ከአዲስ አበባ የሚገባበት ቀን ነበር። «ማታ ስምንት ሰዓት ኤርፖርት መሆን አለብኝ» አላት ሚስቱን ዘሪቱን። እሷም ቁርሷን በልታ በአውቶቡስ ወደ ሆስፒታል ሥራዋ ሄደች። ምሽት በፈረንጅ ሰባት ሰዓት ላይ፣ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ወዳለው ቤታቸው ስትመለስ፣ ከውስጠኛው ደረጃ ሥር ሞቶ አገኘችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ጥላዬ ነበር፤ ከኤርፖርት።

ፖሊስ የጠረጠረው ተከራያቸውን ተገኝን ነው፤ ገና ግን አላሰረውም። ጠዋት ከንዋይ ጋር ሲጨቃጨቅ እንደነበር የተናገረችው ዘሪቱ ራሷ ናት። ተገኝ ከተፈረደበት ከእስሩ በኋላ ሸሽቶ ወደወጣበት አገር ይመልሱታል።

ማክሰኞ ጋሽ ገሠሠ ለቅሶ መጡ። አገር ቤት የፖሊስ መርማሪ ነበሩ፤ እዚህ ኤርፖርቱ አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ የሆቴል መኪና ይነዳሉ።

«ተገኝ፣ ምን አጣላችሁ?» አሉት ጥግ የተቀመጠውን ተከራይ።

«የቴሌቪዥኑን ድምፅ ሎው አድርግ ብሎኝ ነው፣ ጋሼ። በዚህ ሰው የሚገደል ቢሆን ክላርክስተን ውስጥ ማን ይተርፍ ነበር?»

ወደ ጥላዬ ዞሩ። «አንተስ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ረጅም ነው፤ ፍራንክፈርት ላይ የጠበቅነውን ጨምሮ ሃያ አንድ ሰዓት። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተነሥቼ ማታ ስምንት ገባሁ።»

«ስምንት?»

«አዎ። ንዋይ በስምንት ሊቀበለኝ ነበር።»

«ስልክ ላይም እንዲህ ነው ያለኝ» አለች ዘሪቱ፤ «ገና መሞቱን ሳልነግረው።»

ገሠሠ ትኬቱን ተቀብለው አዩ፤ ውጭ ወጥተው ስልክ ደወሉና ሲመለሱ ለቀስተኛውን ዝም አሰኙ።

«ከሌሊቱ ሰባት ላይ ሃያ አንድ ጨምሩ። አዲስ አበባ ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ በፈረንጅ አሥር ይሆናል። አትላንታ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ከአሥር ስምንት ሲቀነስ ሁለት ይቀራል፤ ከቀትር በኋላ ማለት ነው። ትኬቱም ሁለት ይላል። አየር መንገዱን ጠይቄያለሁ፤ አውሮፕላኑ አልዘገየም።»

«ታዲያ ንዋይ ለምን ስምንት አለ?» አለች ዘሪቱ።

«ጥላዬ በስልክ ‹ሁለት ሰዓት እገባለሁ› ብሎት መሆን አለበት፤ ከትኬቱ አንብቦ። ንዋይ ግን ወንድሙ በአገር ቤት ሰዓት የሚቆጥር መሰለው። የምሽቱ ሁለት እዚህ ስምንት ነው። አንተ ግን ጥላዬ፣ ከአገር ቤት ከትናንት ወዲያ የመጣህ ሰው፣ ስምንት የሚለውን ከየት አመጣኸው? ትኬቱ ላይ የለም። የሚያውቁት ንዋይና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ንዋይ መቼ ነገረህ?»

ጥላዬ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«እስክደክም ቆምኩ» አለ። «ሰው ሁሉ ዘመዱን እያቀፈ ሄደ። ታክሲ ይዤ መጣሁ። ደረጃው ላይ ‹እኔ እኮ ማታ ስምንት ብዬ ነው የጻፍኩት› ሲለኝ የቀለደብኝ መሰለኝ። ገፈተርኩት። ከዚያ ፈርቼ ኤርፖርት ተመለስኩ፤ ስምንት እስኪሆን።»

ዘሪቱ ተነሥታ ተገኝ ፊት ቆመች።

«ይቅር በለኝ።»

«ተይው፣ እትዬ» አላት፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

ንዋይ ሐሙስ ተቀበረ። ከሥጋ ዘመዶቹ መቃብሩ ላይ የቆመ አንድም ሰው አልነበረም።