የሞግዚታችን አጋዥ

ፈጠራ ነው የምትሉ አትጠፉም። በሉ።

ባሌም መጀመሪያ እንደዛ ነበር ያለው። በቀን ስንት ጊዜ እጄን እንደምታጠብ ግን እኔ ነኝ የማውቀው...

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ነበር። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። መንገዱ ላይ ሰው ይተራመሳል። የሆነው እኛው ቤት፣ ከኩሽናው ቀጥላ ባለችው የሞግዚታችን ክፍል ውስጥ ነው።

ወደዚያ ቤት ከገባን ሁለት ወር አልሞላንም ነበር።

ሞግዚታችን ገና ከመግባታችን ፊቷ ጠቆረ። የድሮው ሕንፃ ላይ በየፎቁ ጓደኞች ነበሯት፤ ልጆቹን ደረጃው ላይ ሰብስበው ሲያወሩ ይውሉ ነበር። እዚህ አጥሩ ረጅም፣ ጎረቤቱ ዝግ።

በሳምንቱ «እትዬ፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ» አለችኝ።

ክው አልኩ።

እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሲኖር ይኖራል፣ ሲሄድ ይሄዳል። የሁለት ዓመቷን ሚጡን ለማን ልስጣት?

ተለማመጥኳት። አዲስ ፍራሽ ገዛሁላት። ቴሌቪዥኑን ወደ ክፍሏ አስገባሁላት።

ባሌ «እንግዲህ የቀረው እኛ ለሷ መቀጠር ነው» እያለ ይስቅብኛል።

ከሁሉ በላይ ያስመረራት የሚጡ አበላል ነበር። ልጄ ምግቡን ጉንጯ ውስጥ ወትፋ አላኝክም ትላለች። አንድ ሰሃን ሩዝ ለማብላት ግማሽ ቀን!

በሦስተኛው ሳምንት ግን... ሞግዚቷ ሳቀች። ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉር ጀመር።

«ምን ተገኘ ዛሬ?» አልኳት።

«ለመድኩ፣ እትዬ። አጋዥም አገኘሁ።»

የጎረቤት ሠራተኛ መሰለችኝ። አልጠየቅኩም። ዋናው ደስ ይበላት እንጂ!

ሚጡም ወፈረች። ጉንጯ ሞላ።

አፏ ግን መሽተት ጀመረ... ውሃ ውስጥ እንደሰነበተ የወለል መወልወያ።

አንድ እሁድ ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት። አየት አደረገችውና መልሳ ወደ አፌ ገፋችው።

«አኝኪ» አለችኝ።

ከዚያ አፏን ከፍታ ጠበቀች። እንደ ወፍ ጫጩት።

የፊት ጥርሶቿ መሃል ነጭ ፀጉር ተሰክቷል። ሳብኩት። መጣ... መጣ... ክንዴን ያህል ረዘመ። ከጉሮሮዋ ነበር የሚወጣው።

እኛ ቤት ሽበት ያለው ሰው የለም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ አፏን አጠብኩ፣ ፀጉሩን ጣልኩ፣ ሞግዚቷን ትንፍሽ አላልኳትም። ብትቀየመኝስ? ትታኝ ብትሄድስ?

እሱን ነው እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር ያላልኩት።

በማግስቱ መድኃኒት ቤቱ መብራት ጠፋና ቀድሜ ተመለስኩ። ኩሽናው ውስጥ ማንም የለም። ከሞግዚቷ ክፍል ግን ድምፅ ይሰማል...

ጭም... ጭም... ጭም...

ጥርስ የሌለው ሰው በድዱ ሲያላምጥ።

በሩን ገፋሁት።

ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ሚጡ ጭኗ ላይ ናት። ፊት ለፊታቸው ከግድግዳው ጋር የተሠራ ቁም ሳጥን አለ፤ የኋላ ጣውላው ከታች ተሰብሮ ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆኗል።

አልደነገጠችም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እሽሽ... ቀስ ይበሉ እትዬ። ሰው ሲያያት ታፍራለች።»

«ማን?»

«አጋዤ።»

ከሰሃኑ ሩዝ አፈሰችና እጇን እስከ ክርኗ ቀዳዳው ውስጥ ከተተች። ጭም... ጭም... ስታወጣው መዳፏ ላይ ግራጫ ድብልብል ነገር ነበር። ለሃጩ ክር ሠርቶ እስከ ቀዳዳው ተወጥሯል።

«አዩ እንዴት አድርጋ እንዳላመጠችው? አይሰለቻትም እኮ!»

ሚጡ አፏን ከፈተች።

የሞግዚቷን እጅ መታሁት። ድብልብሉ አንጓዬ ላይ ተለጠፈ። እንደ ንፍጥ። እዚያው አስመለሰኝ።

ልጄን ነጠቅኳት።

«ተነሽ! ተነሽ እንውጣ!»

«እኔ?» ሳቀች። «እኔ እዚህ ደስ ብሎኛል። እርስዎስ ደስ እንዲለኝ አይደል የፈለጉት?»

ከቀዳዳው ውስጥ ከንፈር ሁለት ጊዜ ጠጭ... ጠጭ... አለ። ጨምሩልኝ እንደሚል ሰው።

በሩን እንኳ ሳልዘጋ ወደ እናቴ ቤት ሮጥኩ።

ባሌ ከመንገድ እንደገባ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ከአከራያችንና ከአንድ አናጢ ጋር ተመለስን። የክፍሏ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ደጋግመን ጠራናት። ሰበርነው።

ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል። ጫማዋ አልጋዋ ሥር ነው። የመስኮቱም ብረት እንዳለ ነው።

እሷ የለችም።

አናጢው ጣውላውን ፈነቀለው። ከኋላው ጡብ ነው። በጣውላውና በጡቡ መሃል ያለው ክፍተት አራት ጣት አይሞላም።

«እዚህ እንኳን ሰው፣ አይጥም አይዞርበትም» አለ አናጢው።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከክፍተቱ ሥር አንድ ነገር ጎትቶ አወጣ። ክብ ነው። ሁለት ቡጢ ያክላል። እንደ ሊጥ ልሟል፣ ከላዩ ለሃጭ ይንጠባጠባል።

ወለሉ ላይ ሲያስቀምጠው ቀስ እያለ ተዘረጋ...

አበባ ያለበት ቀሚስ። የዚያን ዕለት የለበሰችው። ቁልፎቹ ሳይቀሩ ታኝከዋል።

አከራያችን አፉን ይዞ ወጣ። አናጢው እጁን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገና ቀና ብሎ አየን።

«ይሞቃል» አለ።